የሰኞ ጥቁር ልብስ

አዲስ አበባ ውስጥ ከል ለብሶ ታክሲ መሳፈር ማለት ለማያውቁት ሰው ሁሉ መልስ መስጠት ማለት ነው። ረዳቱ ሂሳብ ሲቀበል ቆም ብሎ «ማን ሞቶብሽ ነው እህቴ?» ይላል። ባለሱቁ ሳሙና እያቀበለኝ ይጠይቃል። አጠገቤ የምትቀመጥ ሴትዮ ገና ሳትደላደል ትጠይቃለች። ለሁሉም «ዘመድ ነው» እላለሁ። «ነፍስ ይማር» ይሉኛል፤ «አሜን» እላለሁ። ደግ ሰዎች ናቸው። እኔን ደግነት ሰልችቶኛል።

ዘመዱ ወንድሜ ነው። ከፋሲካ በኋላ ታመመ፣ ሆስፒታል ገባ፣ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርቼው አላውቅም። የከለከለኝ የለም፤ አይወጣልኝም እንጂ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ውሃ አመላልስ ነበር። «ድርቅ ያለች ልጅ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ወጥ ጨው ይብዛው ይነሰው አላውቅም። ሰፈራችን ካዛንቺስ ግማሹ ፈርሶ ከጓሯችን ጀምሮ ሜዳ የሆነ ቀን እንኳ፣ መስኮቱን ከፍቼ አየሁና መልሼ ዘጋሁት። በቃ፣ ምንም አልተሰማኝም።

የሙዚቃዊ ቴአትር ነገር የሱ ሐሳብ ነበር። መዝፈንን፣ መደነስንና መተወንን አንድ ላይ የሚያሠለጥኑ ሁለት ቦታዎች አፈላልጎ አግኝቷል፤ አንዱ ወሎ ሰፈር፣ ሌላው ኡራኤል። «አብረን እንፈተናለን፣ አብረን እንገባለን» ይል ነበር። ለሁለት ሰው የሚሆን ዘፈን ራሱ ጽፎ ጓዳ ውስጥ አለማመደኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሷ ትነጅሰዋለች፣ እሱ ይመልስላታል። እማዬ ከግድግዳው ማዶ «ኧረ ጎረቤት ይሰማል!» እያለች ትጮህብን ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነን። ራዲዮ እንኳ አይከፈትም፤ ዓመቱ ሳይሞላ ዘፈን ነውር ነው።

ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ጓደኛዬ ኢኽላስ መጣች። «ዘንድሮ ካለፈሽ በቃ፣ መቼም አትሄጂም። አውቅሻለሁ» አለችኝ። ዘንድሮ ካለፈኝ እዚያችው ጓዳ ውስጥ እንደምቀር እኔም አውቀው ነበር። ማወቄ ግን ከተቀመጥኩበት አላስነሳኝም። እጄን ይዛ ያስነሳችኝ እሷ ናት።

መጀመሪያ ወሎ ሰፈር ሄድን። ኃላፊው አቶ ሃብተአብ ይባላሉ። ከሉን እንዳዩ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ማን ነው የኔ ልጅ?»

ኢኽላስ ቀደመችኝና «ወንድሟ» አለች።

አቶ ሃብተአብ የዳንሱን ሙዚቃ አዘጉት። ሠልጣኞቹን ጠርተው ለኅሊና ጸሎት አቆሟቸው። ላብ በላብ የሆኑ ልጆች፣ ስማቸውን የማላውቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙልኝ።

«ልዝፈን?» አልኳቸው።

«ኧረ በፍጹም! ሐዘን ላይ ያለ ሰው እኛ አናዘፍንም። ተቀብለንሻል። ስትበረቺ ትጀምሪያለሽ።»

ኢኽላስ አለቀሰች። እኔ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ደረጃውን ስንወርድ አፍንጫዋን እየጠረገች «እንዴት ያሉ ሰው ናቸው! ማለቴ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። ምንም አልፈለግኩም።

ኡራኤል የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። በሩን ስከፍት አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ከአንገት እስከ እግሩ ጥቁር ለብሷል። ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ለካ የልምምድ ደንባቸው ነው፤ አሠልጣኟ የሰውነት እንቅስቃሴ እንጂ ልብስ ማየት አትፈልግም። ካሳይ ትባላለች። ቀና ብላ አየችኝና «አለባበስሽ ጥሩ ነው። ነጠላሽን አስቀምጪና ተሰለፊ» አለችኝ። ሌላ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ከል ከለበስኩ ወዲህ ማን እንደሞተብኝ ያልተጠየቅኩበት ክፍል ይኼ የመጀመሪያው ነው።

ተራዬ ሲደርስ የኛን ዘፈን ጀመርኩ። የሚስትየውን ስንኞች ጨረስኩና ዝም አልኩ። በጣቴ ጭኔን እየመታሁ ቆየሁ፤ ከዚያ ቀጠልኩ። ምን እያደረግኩ እንደሆነ አላወቅኩም። ጓዳ ውስጥ የለመድነው እንደዚያ ነው።

«መሀል ላይ ምን ሆነሽ ቆምሽ?» አለች ካሳይ።

«የሌላ ሰው ተራ ነው።»

«የታለ ታዲያ ሰውዬው?»

ኢኽላስ ከኋላ አፏን ስትከፍት በዓይኔ ተቆጣኋት። ካሳይ መልስ አልጠበቀችም።

«ይምጣና ይዝፈን። ካልመጣ ሁለቱንም ራስሽ ትዘፍኚያለሽ። ተመልካች ባዶውን ሊያዳምጥሽ አይመጣም። ደግሞ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፅሽ ወርዷል። ሰኞ ጠዋት ነይ፤ ጥቁር እንደለበስሽ።»

ተናደድኩ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። የማን ተራ እንደሆነ ምን አገባት! ድምፄ ደግሞ አልወረደም! መስቀል አደባባይ እስክንደርስ ስነጫነጭ መጣሁ። ኢኽላስ «ጨካኝ ናት፤ በቃ፣ ወሎ ሰፈር ግቢ» እያለች ሳምቡሳ ገዝታ አስያዘችኝ። ስነክሰው ቃሪያው አፌን ለበለበኝ። በእነዚህ ወራት የበላሁት አንድም ነገር አቃጥሎኝ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ኡራኤል ነው የምገባው» አልኳት።

«አበድሽ እንዴ?»

«ድምፄ እንዳልወረደ አሳያታለሁ።»

ሌላውን ምክንያት አልነገርኳትም። ወሎ ሰፈር ወንድሟ የሞተባት ልጅ ነኝ፤ ከነገ ወዲያም፣ ስመረቅም እሷው ነኝ። ኡራኤል ግን ድምፅዋ የወረደ ልጅ ነኝ።

ለእማዬ ያወራችላት ኢኽላስ ናት፤ ያወራችላት ግን የወሎ ሰፈሩን ነው፣ የኅሊና ጸሎቱን ሳይቀር። እማዬ «ሰው የሚያውቅ ሰው!» ብላ አቶ ሃብተአብን መረቀች። እኔም አላረምኳትም። ማስረዳት ደከመኝ። «ከል ለብሳማ አትዘፍንም» አለችና ከሌን እንዲያስወልቁኝ ለእሑድ ሴቶቹን ጠራች።

እትዬ አዚዛ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቤታቸው ፈርሶ ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። አበባ ያለበት ቀሚስ በፌስታል ይዘው፣ ታክሲ እየቀያየሩ መጡ። «ጀማነሽ፣ አንቺ ዓመትሽን ጠብቂ። ልጅ ግን ይበቃታል» አሏት እማዬን። ጥቁሩን አስወልቀው ቀሚሱን አጠለቁልኝ። የወጣ ከል ቤት አያድርም፤ ልብሴን በሙሉ፣ ነጠላዬንም ጭምር፣ በዚያው ፌስታል አድርገው ለሚለብሰው ሰው ይዘውልኝ ወጡ። እማዬ እሷ ጥቁሯን እንደለበሰች ቁጭ ብላ ታየኛለች። «አሁን አማረብሽ» አለችኝ። ለመሳቅ ሞክራ ነበር። ሰኞ ጥቁር እፈልጋለሁ ብሎ ነገር በዚያ መሀል እንዴት ይነሳል? ዋጥኩት።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ለሥራ እስክትወጣ ጠበቅኩና ኢኽላስ ያዋሰችኝን ጥቁር ሱሪና ቲሸርት ጓዳ ውስጥ ለበስኩ። ከመሄዴ በፊት ዘፈኑን በቀስታ አንዴ ልሞክረው አልኩ። የሚስትየውን ስንኞች ጨርሼ፣ ጭኔን በጣቴ እየመታሁ ቆሜ ሳለሁ በሩ ተከፈተ። እማዬ ስልኳን ረስታ ተመልሳ ነው። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወደቀ።

ትናንት ከል ያወጣ ሰው ዛሬ ጥቁር ከለበሰ መርዶ መጥቷል ማለት ነው። እማዬ ዘንድ ሌላ ትርጉም የለውም።

«ማን ሞተ?» አለች። ሁለቱንም ክንዶቼን ያዘችኝ። «ሩሐማ፣ አትደብቂኝ። ማን ነው የሞተው? ንገሪኝ!»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ማንም አልሞተም እማዬ፣ የልምምድ ልብስ ነው፣ ኡራኤል ነው የገባሁት። «ዘመድ ነው» ማለት እንኳ እችል ነበር፤ አፌ ለምዶታል። ጣቴ ግን ጭኔ ላይ መምታቱን አላቆመም። የሱ ተራ ገና አላለቀም፣ ጓዳው ደግሞ ጭር ብሏል።

«ኢያቄም» አልኳት። «ኢያቄም ሞተ፣ እማዬ።»

ፊቷን አላስታውሰውም። «አዎ» ስትለኝ ብቻ ሰማሁ፤ «አዎ ልጄ፣ ሞተብን።» ከዚያ በኋላ በቁሜ አቅፋ ይዛኝ ጮኼ አለቀስኩ። ጎረቤት ይሰማል አላለችኝም። በጓሯችን በኩል የሚሰማ ጎረቤትም አልቀረ።

ኡራኤል አርፍጄ ደረስኩ። ዓይኔ አብጦ፣ የቲሸርቴ ትከሻ በእማዬ እንባ ርሶ ነበር። ካሳይ ሰዓቷን አይታ «ተሰለፊ» አለችኝ። ተራዬ ሲደርስ የሚስትየውንም የባልየውንም ዘፈንኩ።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፄ እውነትም ይወርዳል።