የእመቤቴ ቆጣሪ

እመቤቴ በቤት ሠራተኝነት ቤይሩት በኖረችባቸው ዘጠኝ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ የመብራት ከፍላ አታውቅም። የውሃም ሆነ የቤት ኪራይ አልከፈለችም። የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች፣ ፍራሽ ሲዘረጋባት በሯ በማይዘጋ ጠባብ ክፍል ነበር። ወር በገባ ቁጥር ግን ማዳሟ ወረቀት ይዛ "ፋቱራ! ፋቱራ!" እያለች ስትጮህ ትሰማለች። ፋቱራ ማለት ሂሳብ ነው። ያን ሰሞን ለሠራተኛዋ ገላ መታጠብ በሳምንት አንድ ቀን ይሆናል፤ ያውም በቀዝቃዛ ውሃ። እመቤቴ ይህን ሁሉ የቻለችው ደብረ ታቦር ውስጥ የራሷን ቤት እያሰበች ነው።

ቤቱንም ገዛች። አያ ሙላቴ የሚባሉ ሽማግሌ ሲሸጡ ወንድሟ ተዋዋለላት፤ ገንዘቡን በሁለት ዓመት ልካ ጨረሰች። እሷ እስክትመለስ ሽማግሌው እንዲኖሩበት ተስማሙ። በ2006 ዓ.ም. መስከረም ላይ ስትመጣ አያ ሙላቴ ቁልፉን አስረክበው፣ መርቀው፣ ልጃቸው ወዳለችበት ወደ አንበሳሜ ሄዱ። ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት፣ በጓሮ አንዲት ሰርቪስ፣ የቆርቆሮ በር። የመጀመሪያውን ሳምንት ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ነው ያሳለፈችው።

በሁለተኛው ሳምንት በሩ መንኳኳት ጀመረ። መጀመሪያ የሰፈሩ ጥበቃ የወር ድርሻዋን ጠየቀ። ቀጥሎ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች መጡ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው መጣ። ከማዘጋጃ ቤት የቤት ግብር የሦስት ዓመት ውዝፍ እንዳለበት የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። የእድሩ ጸሐፊ የመግቢያ ጠየቃት። እመቤቴ ገበያ ውስጥ የልጆች ልብስ እየሸጠች የምታገኘው ገና ከጉልቷ ኪራይ አላለፈም ነበር። ጉና ተራራ ስር ላሉት እናቷ ደወለችና ምሬቷን ዘረገፈችው።

"ውሃውንም ይሸጡልሻል?" አሉ እናቷ።

"አዎ፣ እማዬ።"

"ዝናቡንስ?"

"እሱን ገና አልጠየቁኝም።"

ወጪውን ለመሸፈን ብላ ሰርቪሷን አከራየች። ተከራዮቹ ባልና ሚስት ናቸው። ይታየው ዩኒቨርሲቲው ግምጃ ቤት ይሠራል፤ ሚስቱ መክሊት እርጉዝ ነበረች። ውሉ በወር አራት መቶ ሃምሳ ብር፣ ከነመብራቱ፣ ከነውሃው። መክሊት ሳቂታ ልጅ ነች። ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ እመቤቴ የቤይሩቱን ታሪክ ትነግራት ነበር፤ ማዳሟ የውሃ ማሞቂያውን ማብሪያ በፕላስተር እንዴት እንደምትለጥፈው ሁሉ ሳይቀር። ኅዳር አጋማሽ ላይ መክሊት ሴት ልጅ ወለደች። ገንፎውን ያገነፋችው እመቤቴ ናት።

ፍቅራቸውን ያበላሸው የመብራት ሂሳብ ነው። የጥቅምቱ አራት መቶ ሰማንያ ብር መጣ። እመቤቴ የውዝፍ መስሏት ከፈለች። የኅዳሩ ስድስት መቶ አስር ሆነ። ከሰርቪሷ ኪራይ በመቶ ስድሳ ብር በለጠ ማለት ነው። ወረቀቷን ይዛ ወደ መብራት ቢሮ ሄደች፤ ተሰልፋ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ሠራተኛው ቁጥሩን አየና መለሰላት።

"ቆጣሪው የቆጠረውን ነው የጻፍነው።"

"እኔ እኮ ያሉኝ ስድስት አምፖሎችና አንድ ቴሌቪዥን ናቸው፤ ምን ቆጥሮ ነው?"

"ቅሬታ ካለሽ ማመልከት ይቻላል። ግን ቆጣሪው በሙላቴ ስም ነው። ማመልከት የሚችለው ባለቤቱ ነው።"

"ባለቤቱ እኔ ነኝ።"

"የቤቱ እንጂ የቆጣሪው አይደለሽም።"

"ታዲያ እንዴት ልከፍል እችላለሁ?"

"መክፈልማ ማንም ይችላል" አላት፤ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

እየተንጨረጨረች ተመለሰች። በሩን ስትከፍት የሰርቪሷ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ድስት ሲንተከተክ ሰማች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሮዋ ሌላ ነገር መስማት አቆመ። ጠዋት ምድጃ፣ ቀን ምድጃ፣ ማታ ምድጃ። የአራስ ቤት ነውና ውሃ ይሞቃል፣ አጥሚት ይፈላል። አምፖሎቹን በትንንሽ ቀየረች። ቤተክርስቲያን ስትሄድ ቴሌቪዥኑን ነቅላ ሶኬቱን በእጇ ትዳብሳለች፤ ይሞቃል እንዴ ብላ። አንድ ቅዳሜ ይታየውን ጠርታ በወር ሁለት መቶ ብር እንዲጨምር ጠየቀችው።

"እትዬ፣ ውላችን ከነመብራቱ ነበር እኮ" አለ በትሕትና።

"ከነመብራቱ አልሁ እንጂ ከነፋብሪካው አልሁ?"

"አንዲት ምድጃ ናት ያለችን።"

"አንዲት ምድጃ ስድስት መቶ ብር ትበላለች?"

ይታየው ወደ ሰርቪሷ ተመለሰ። መክሊት ከውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ በማግስቱ ደጃፉ ላይ አልወጣችም።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ከጉና የሚወርደው ብርድ አጥንት የሚሰብር ሆነ። እመቤቴ የወሩን ሂሳብ ልትጠይቅ ሄደች፤ ስድስት መቶ ሰባ ብር። ወረቀቷን አጣጥፋ በመቀነቷ ከተተችና በእግሯ ወደ ቤቷ ወጣች፤ ለባጃጅ አምስት ብር መክፈል እንኳ አንገሸገሻት። ግቢ እንደገባች በቀጥታ ወደ ቆጣሪው ሄደች፣ ብሬከሩን ወደ ታች ቀጭ አደረገችው።

ጥቂት ቆይቶ መክሊት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ወጣች።

"እትዬ፣ መብራት ሄደ እንዴ?"

"አልሄደም። አጠፋሁት።"

"ውሃ ጥጄ ነበር፤ ልጅቱን ላጥባት ብዬ። ለብ እንኳ አላለም።"

"በከሰል አሙቂያ።"

"ከሰል የለኝም።"

"እኔም ብር የለኝም።"

መክሊት አየቻት። አልተቆጣችም፤ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም።

"እሺ፣ ማዳም" አለች።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ቃል አንገቷን ደፍታ ስትለው የኖረችው እሷ ነበረች። አሁን ወደ እሷ ሲመጣ ፊቷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋባት ያህል ደነገጠች። መክሊት ፊቷን አዙራ ስትገባ ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። በዚህ መሀል የቆርቆሮው በር ተንኳኳ።

ስትከፍተው ከአጥሩ ጀርባ ያለው የብየዳ ቤት ባለቤት አንዷለም ቆሟል። ጥቁር መነጽሩ ግንባሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እጁ እስከ ክርኑ ጥላሸት ነው።

"እህቴ፣ ካንቺም ጠፍቷል እንዴ? ሰፈሩ ሁሉ መብራት አለው፤ የጠፋው እኛ ጋ ብቻ ነው።"

"እናንተ ጋ መጥፋቱን እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?"

"የምንስበው ካንቺ ቆጣሪ አይደል? ግማሽ በር በይጄ ቆሜያለሁ፤ ደንበኛው ከጋሳይ መኪና ተከራይቶ መጥቶ ይጠብቀኛል።"

"ከማን ቆጣሪ?"

"ካንቺ" አለ አንዷለም፤ ፊቷን አይቶ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አያ ሙላቴ አልነገሩሽም? ድሮ ከእሳቸው ጋር በቃል ተስማምተን ነው የሳብነው። በየወሩ ሦስት መቶ ብር ወደ አንበሳሜ እልክላቸዋለሁ። እኔ እኮ ለአንቺ የሚያደርሱልሽ መስሎኝ ነው። መስከረም ላይ ሁለተኛ ማሽን ስጨምር እንኳ ደውዬ አስፈቅጃቸዋለሁ።"

ከጣሪያው ቆርቆሮ ጫፍ ስር ወጥቶ አጥሩን የሚሻገረውን ጥቁር ሽቦ አሳያት። እመቤቴ ሦስት ወር ሙሉ አንገቷን ቀና አድርጋ አይታው አታውቅም። ስትረጋጋ ልትስቅም፣ ልትጮህም ፈለገች። አንዷለምን "ዛሬን ጨርስ፤ ከነገ ጀምሮ ግን ከእኔ ጋር ነው የምትነጋገረው" አለችውና ብሬከሩን መልሳ አነሳችው። ከዚያ ወደ ሰርቪሷ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች።

"መክሊት፣ መብራቱ መጥቷል። አንቺ አይደለሽም፤ ብየዳ ቤቱ ነው በእኔ ቆጣሪ የሚጠቀመው።"

መክሊት ጀርባዋን ሰጥታ ምድጃውን እያበራች ነበር።

"እሺ" አለች ብቻ።

በማግስቱ እመቤቴ ጠዋት በሚኒባስ ወደ አንበሳሜ ተነሳች። አያ ሙላቴን ልጃቸው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ተነስተው ሳሟት፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ከብቱ ጠየቋት። እሷም እንደ ወጉ ሁሉንም መለሰችና ወደ ጉዳይዋ ገባች።

"አያ ሙላቴ፣ ቤቱን ሸጡልኝ አይደል?"

"አዎ፣ ልጄ። በምስክር ፊት።"

"ታዲያ የአንዷለምን ብር ለምን ይቀበላሉ?"

ሽማግሌው ምንም አልደነገጡም። "ሽቦውን ገዝቼ ያዘረጋሁት እኔ ነኝ። ቤቱን ሸጥሁልሽ፤ ሽቦውን ሸጥሁ?"

"በሽቦው ውስጥ የሚሄደው መብራትስ?"

"እሱማ የመንግሥት ነው።"

"የሚከፍለው ግን እኔ!"

"ታዲያ ቤት ያለው ሰው ይከፍላላ" አሉ፤ እውነት የተናገሩ ያህል ተረጋግተው።

እመቤቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። እኒህን ሽማግሌ በደረታቸው ያለውን ጋቢ ይዛ ልትነቀንቃቸው ምንም አልቀራትም። የዳኑት ልጃቸው ዘነበች ከውስጥ ስለ ሰማች ነው። ዘነበች አብሲት በነካካው እጇ ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች።

"አባቴ፣ ብሩ ከየት ይመጣል ስልዎ የድሮ ብድር ነው አላሉኝም?"

አያ ሙላቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሰበሩ። ዘነበች ገብታ ስድስት መቶ ብር አምጥታ ለእመቤቴ ሰጠቻት፤ ቀሪውን ሦስት መቶ ጤፉ ሲሸጥ እንደምትልክ በእመቤታችን ስም ማለች። የቆጣሪውን ስም ለማዛወርም ሽማግሌውን ራሷ ይዛ እንደምትመጣ ተናገረች።

ሰኞ ዕለት በእርግጥም ይዛቸው መጣች። ስም የማዛወሩ ነገር ግን በአንድ ሰኞ የሚያልቅ አልሆነም። ፎቶ ጎደለ፤ ፎቶው ሲመጣ የውሉ ኮፒ ጎደለ፤ ኮፒው ሲመጣ ማኅተም ያለው ሰው ስብሰባ ሄዷል ተባለ። እመቤቴ ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። አንዷለም ለራሱ ቆጣሪ አመልክቶ እስኪገባለት የሚስበውን ለእሷ እየከፈለ ቆየ። በጥር ሽቦው ሲቆረጥ ወጥታ በዓይኗ አየች። ከዚያ በኋላ የመጣው ሂሳብ ሃምሳ ስምንት ብር ሆነ።

የሃምሳ ስምንቱ ብር ሂሳብ ሲመጣ ግን ሰርቪሷ ባዶ ነበረች። ይታየውና መክሊት በዚያ ብርድ ቀን ማምሻውን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ቤት ፈልገው ቀብድ ከፍለው ነበር። ሊወጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው እመቤቴ ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"የመጨረሻውን ወር ኪራይ አልቀበልም" አለች። "ደግሞም ይቅር በይኝ። እኔን ስታስለቅሰኝ የኖረችውን ሴት ሆንሁብሽ።"

መክሊት የልጇን ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ አቆመች።

"ይቅር ብዬሻለሁ፣ እትዬ። ተቀይሜሽ አይደለም የምወጣው። ግን ምድጃውን ባበራሁ ቁጥር ጆሮዬ ካንቺ በር ላይ ነው። አሁንም ድረስ። እንዲህ ሆኖ አይኖርም።"

እውነቷን ነው። እቃቸውን በጋሪ ሲጭኑ እመቤቴ ምድጃዋን ራሷ ተሸክማ አወጣችላቸው።

የካቲት መጀመሪያ ላይ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሞላት። ይታየው ገበያ ድረስ መጥቶ ለክርስትናው ጠራት። መሄድ ፈራች፤ ሆኖም ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። አዲሱ ቤት ጠባብ ነው፤ እንግዳው ሞልቷል። ጥግ ላይ እንደ ቆመች መክሊት አየቻት፤ መቀመጫ አስለቀቀችላት፣ ሕፃኗን እቅፏ ላይ አስቀመጠችና እንግዳ ልታስተናግድ ሄደች። ልጅቱ ተኝታለች። ከሳህን ጫጫታውና ከካህናቱ ጨዋታ መሀል እመቤቴ ክንዷ እስኪደነዝዝ ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠች።