ከበሬ ወይስ ከአሳማ

ዶክተር እየሩስ ነገሩን አለሳልሳ ለመንገር ብዙ ደከመች። ኢክላስ ግን የሌላ ሰው ጉዳይ የምትሰማ ያህል ነበር። በልጅነቷ ደጋግሞ ያመማት ጉሮሮ መዘዙ ልቧ ድረስ ዘልቆ ከልቧ በሮች አንዱን አበላሽቶታል። መቀየር አለበት። ከብረት የሚሠራው በር ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ነገር ግን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በየቀኑ መዋጥ ይጠይቃል፣ መድኃኒቱ ደግሞ ለጽንስ አይመችም።

«ልጅ እፈልጋለሁ ብለሻል» አለች ዶክተሯ። «ስለዚህ ከእንስሳ የሚሠራው ይሻልሻል። አንዱ ከበሬ የልብ ሽፋን ተሰፍቶ የሚሠራ ነው፤ ሌላው የአሳማ የራሱ የልብ በር ነው። ሁለቱም ከዓመታት በኋላ ያረጃሉ፤ ያኔ እንደገና መቀየር ይኖራል።»

«የቱ ይሻላል?»

«ላንቺ ብዙም አይለያዩም። ግን አሁን በልክሽ እጃችን ላይ ያለው የአሳማው ነው። የበሬው መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ልብሽ ደግሞ ብዙ የሚጠብቅ አይደለም።»

«እሺ» አለች ኢክላስ፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን ዳገት ልጅ ሳለች በሩጫ ትጨርሰው ነበር። አሁን ግድግዳ እየተደገፈች፣ እየቆመች ወጣችው። ወርቅ ቤታቸው ስትደርስ ባሏ ሙኒር ለሙሽሮች ቀለበት እያሳየ ነው። እስኪወጡ ጠብቃ ነገረችው።

«አሳማ?» አለ ሙኒር፣ ሰው የሰማው ይመስል ወደ በሩ ዞር ብሎ።

ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሙፍቲ ሆነ። ሙኒር የሰፈራቸውን ሼህ ጠየቀ፤ ሼሁም «ሌላ ከታጣ ነፍስ ለማዳን ይፈቀዳል» አሉት። አማቷ ግን «እሳቸው ይበሉ! እኔ የልጅ ልጄ እንዲህ ባለ ደረት ላይ ሲተኛ አላይም» ብለው አለቀሱ። ጎረቤታቸው ሰርክአዲስ እንኳ ማተቧን ይዛ «እኛም ብንሆን ይቀፈናል» አለች። በመጨረሻ ሙኒር «የበሬውን እንጠብቅ» ብሎ ቆረጠ።

ኢክላስ መካከላቸው ተቀምጣ ሻይ ታማስላለች። ሊያናድዳት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ንዴቱ ግን አልመጣም። ፍርሃቱም አልመጣም።

አንድ ጠዋት ልብስ ልታነሳ ጎንበስ ብላ ቀና ማለት አቃታት። ትንፋሿ እስኪመለስ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ለማንም ሳትናገር ታክሲ ይዛ ሆስፒታል ሄደች።

«ያለውን አድርጉልኝ» አለቻት ዶክተር እየሩስን።

«ባልሽ ተስማማ?»

«እነግረዋለሁ።»

ራት ላይ ነገረችው። ሙኒር እጁን ከትሪው ሰበሰበ።

«ለእማዬ የበሬ ነው እንበላት» አለ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ካልጠየቁኝ አልናገርም። ከጠየቁኝ አልዋሽም።»

«ልብሽ እንዴት ደነደነ፣ ኢክላስ!»

«እኔም አላውቅም» አለች፤ የምሯን ነበር።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ወደ ተራ ክፍል ስትዛወር አማቷ በፔርሙስ ሾርባ ይዘው መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«የበሬው መጣላችሁ?» አሉ።

ሙኒር ከእናቱ ጀርባ ሆኖ ኢክላስን በዓይኑ ለመናት።

«አልመጣም እማዬ። የአሳማው ነው።»

አማቷ በሻርፓቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከአንገቷ በታች የተለጠፈውን ፋሻ አዩ፤ ከሥሩ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ የፔርሙሱን ክዳን ከፈቱ።

«በይ፣ ሳይቀዘቅዝ» አሉ። ራሳቸው በማንኪያ ያጠጧት ጀመር።

ሙኒር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ኢክላስ ዋጠች። ትኩስ መሆኑን አወቀች እንጂ ጣዕሙ አልተሰማትም። አማቷ ማንኪያውን እንደገና ሞሉ፤ እሷም አፏን ከፈተች።