በርበሬ የምትተነፍሰው ማኪና

የፈህሚያ እግሮች በማኪናዋ በር ወደ ውጭ ተንጠልጥለዋል፤ ጭንቅላቷ ከፊት መስታወቱ በታች ካለው ክሩስኮት ሥር ተቀብሯል። ከመንገድ ለሚያያት፣ ማኪናዋ ልጅቱን ስትውጥ ውላ እግሯ ላይ ስትደርስ የጠገበች ትመስላለች።

መካኒኩ አያ ማሩ አጠገቧ በርከክ ብሎ ባትሪ ያበራላታል። ሥራውን የሚያውቅ ሸጋ ሰው ነው፤ ክንዱ ግን የወይራ ግንድ ነው። የአየር ማጣሪያው ያለበት፣ ከመሳቢያው ጀርባ የተደበቀው ጠባብ ቀዳዳ እጁን አላስገባ ስላለው ክሩስኮቱን ሙሉ በሙሉ ላውርደው ብሎ ነበር። ያ ደግሞ ሌላ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። የሃጂራ አውሮፕላን አዘዞ የሚያርፈው ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው።

ሃጂራ የፈህሚያ አያት ናቸው፤ ከሐጅ እየተመለሱ ነው። ሐጅ አድርጎ የመጣ ሰው ቤቱ ሳይገባ የሚያደርገው ዱዓ ተቀባይነት አለው ስለሚባል፣ ከአዘዞ እስከ ቤት ያለችውን መንገድ እሳቸውን ይዞ መሄድ ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ነው። አጎቷ ጃቢር አዲሷን ማኪናውን አሳጥቦ በአበባ አስጊጧታል። አባቷ በድሩ ግን የበኩር ልጅ ሆኖ ሳለ፣ እናቱ ሁለተኛ የእሱ ማኪና ውስጥ አልገባም ብለው ከማሉ ከርመዋል።

ጥፋቱ የበርበሬ ነው። በድሩ የተፈጨ በርበሬ ወደ ማክሰኝት ሲወስድ፣ የመንገዱ አቧራ እንዳይነካው ብሎ መስኮቱን ሁሉ ይጠረቅማል፤ ሙቀቱን ለመቻል ደግሞ ማራገቢያውን ያስጮኸዋል። በርበሬው ንጹሕ ሆኖ ገበያ ይደርሳል። ማኪናዋ ግን ብናኙን ስትስብ ኖራ፣ አሁን ማራገቢያው በተከፈተ ቁጥር ሰው ላይ መልሳ ትተፋዋለች። ሃጂራ ባለፈው መንገዱን ሙሉ ሲያስነጥሱ መጥተው፣ ሲወርዱ «እኔን ከምትጭን ድልህ ጫንበት» ብለውት ነበር። አዲሱ ማጣሪያ ከአዲስ አበባ ከመጣ ቆይቷል፤ የሚያስገባው እጅ አጥቶ ካርቶኑ ውስጥ ከረመ እንጂ።

ፈህሚያ እኔ ልሞክር ስትል አባቷ ስቆባት ነበር። እሷም የቤታችንን ፔርሙዝ ውስጡን በእጁ የሚያጥብ ከእኔ ሌላ ማን አለ ብላ ጠየቀችው። ካርቶኑን አቀበላት።

«ምን ያዝሽ?» አለ አያ ማሩ።

«ለሠርግ የሚበቃ ወጥ።»

አሮጌው ማጣሪያ ተጣብቆ ነበር። በቀስታ አውጪው አላት፤ እሷ ደግሞ በቀስታ የሚባለውን ነገር ከትምህርት ቤት ጋር አብራ ትታዋለች። መነጨቀችው። የዓመታት በርበሬ ፊቷ ላይ ተዘረገፈ። አያ ማሩ ባትሪውን ጥሎ ሸሸ፤ በድሩ ከማዶ ሆኖ ማስነጠስ ጀመረ። ፈህሚያ ብቻ ካለችበት አልወጣችም። ብትወጣ ዓይኗን ስትታጠብ ሰዓቱ ይሄዳል፤ አያቷም አበባ ባለባት ማኪና ውስጥ ገብተው ለጃቢር ልጆች ዱዓ ያደርጋሉ።

ለአቀባበሉ ያሰረችውን አዲስ ሻሽ ከራሷ ላይ ፈታች፤ በውኃ አርሳ የቀዳዳውን ጥግ ጥጉን በዳሰሳ ወለወለች። አዲሱ ማጣሪያ ከቀዳዳው ይሰፋል። እንዳይሰበር ብሎ አባቷ ከሩቅ ሲለምናት፣ እንደ ሳምቡሳ ቂጣ ጫፍና ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፍ አድርጋ አሾለከችው። ውስጥ ገብቶ ተዘረጋና ቦታውን ይዞ ቀጭ አለ። ድምፁን ስትሰማ እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

አዘዞ ላይ ሃጂራ ነጭ ለብሰው ሲወጡ፣ ሁለቱ ልጆቻቸው የየማኪናቸውን በር ከፍተው ቆመዋል። ለጃቢር አበባው ይናገርለታል። ለበድሩ ግን የሚናገርለት የለም። ሃጂራ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸው አፍንጫዋ ቲማቲም የመሰለው የልጅ ልጃቸው ላይ አረፈ።

«አንቺን ደግሞ ምን አስለቀሰሽ?»

ፈህሚያ ረጅም ንግግር አዘጋጅታ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ይህ ብቻ ነበር።

«እምዬ፣ ይግቡና ይሞክሩት።»

ሃጂራ የቀላውን አፍንጫዋን ደግመው አዩ፤ ቢስሚላህ ብለው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። በድሩ ሞተሩን አስነሣ፤ ማራገቢያውን ግን ሳይከፍት መሪውን ይዞ ቀረ። ፈህሚያ ከኋላ ተንጠራርታ እስከ መጨረሻው አዞረችው። ነፋሱ የሃጂራን ነጭ ሻሽ አርገበገበው።

ሃጂራ አስነጠሱ።

በድሩ ዓይኑን ጨፈነ። ጃቢር የራሱን ማኪና በር ገና አልዘጋም ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሃጂራ።

«የርሐሙኪላህ» አለች ፈህሚያ፣ በሞተ ድምፅ።

ሁለተኛውን ማስነጠስ ሁሉም ጠበቁ፤ አልመጣም። ያስነጠሳቸው የአውሮፕላኑ ብርድ ይሁን፣ የፈህሚያ ሻሽ ያልደረሰበት ጥግ ይሁን፣ ማንም አላወቀም። ሃጂራ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«መስኮቱን ዝጊው፤ አቧራ ይገባል።»

ማኪናዋ ተንቀሳቀሰች። የሃጂራ ከንፈር ማንሾካሾክ ሲጀምር፣ ፈህሚያ የማን ስም እንደሚቀድም ለመስማት ጆሮዋን ወንበሩ ላይ ለጠፈች። ማራገቢያው ግን እየጮኸ ምንም አላሰማ አላት፤ ማጥፋት ደግሞ አልፈለገችም።