የእትዬ ዘመናይ ስለትና የሬጂና ቤት

እትዬ ዘመናይ በእኔ መኪና አይሄዱም ነበር። ፓተንቴ የሚባለውን የጣሊያን መንጃ ፈቃድ ያገኘሁት በሦስተኛው ፈተና ነው፤ ይህን ደግሞ ሮም ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ ያወሩትም እሳቸው ናቸው። «ፍሬሕይወት ጎበዝ ልጅ ናት፤ ከቆመ ነገር በቀር ምንም አትገጭም» ይላሉ ለሰው። እኔም ንዴቴን ውጬ፣ መኪናዬን በር ላይ አቁሜ፣ አብሬያቸው በአውቶቡስ እንከራተታለሁ።

የዚያን ሐሙስ ግን ምርጫ አልነበረንም። ሰኞ ጧት ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ የኖረ ጉልበት በቃኝ ካለ ቆይቷል፤ ደረጃ መውጣት ትተዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም ቆመው ማስቀደስ አቅቷቸው ከኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ተራውን ሁለት ዓመት ጠብቀውታል። ሰኞ ከቀሩ ስማቸው እንደገና ከመጨረሻ ነው የሚጻፈው። እንግዲህ ይህ ሁሉ እያለ ማክሰኞ ዕለት ደውለው ሆስፒታሉን በጣሊያንኛ ጠርተው «ኦስፔዳሌ አልገባም» አሉኝ።

«ለምን?»

«ስለት አለብኝ። ስለት ያለበት ሰው ቢላዋ ሥር አይተኛም።»

ስለቱን አውቀዋለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሳንባ ምች ሊሞቱ ሲያጣጥሩ «ከዚህ ካነሣኸኝ፣ ከአለት በተፈለፈለ ቤትህ በባዶ እግሬ ገብቼ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብለው ተስለዋል። ላሊበላን ማለታቸው ነው። ተነሡ፤ ጃንጥላውንም ከአዲስ አበባ አስመጡ፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ዓመት ፔርሜሶ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ሳይታደስ ዘገየ፤ በሚቀጥለው ተቀጥረው የሚጦሯቸው ጣሊያናዊት አሮጊት ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ከዚያ ጦርነቱ፤ ከዚያ ጉልበቱ። ጃንጥላው አልጋ ሥር በላስቲክ እንደተጠቀለለ ዘጠኝ ዓመት ተኛ።

እንዲህ ያለ ነገር ያናድደኛል። እግዜር ጉልበት እንዳይታከም የከለከለው የት ላይ ነው አልኳቸው።

«አንቺን ከእግዜር ጋር ማን አስተዋወቀሽ?» አሉኝ። «ቅዳሴ ሲያልቅ አይደል የምትደርሺው።»

እውነት ነው። ግን መተው አልቻልኩም። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ያገኙኝ እሳቸው ናቸው። አንድ አልጋቸውን ለሁለት ተካፍለን ተኝተናል። ልጄ ኤፊ ስትወለድ፣ እናቴ ሩቅ ሆና፣ ገንፎ አገንፍተው ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። እኚህ ሴት በአንድ ጃንጥላ ምክንያት ሽባ ሆነው ሲቀሩ ቆሜ ማየት አልችልም፤ እወዳቸዋለሁ፤ ቢሳደቡም እወዳቸዋለሁ።

መላውን ያመጣችው ኤፊ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ ጣሊያንኛ ጣሊያንኛ ይላል። በትምህርት ቤት ጉዞ ከሮም በስተ ሰሜን፣ ከካሲያ መንገድ ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ከተማ ሄደው ነበር። ኤትሩስኪ የሚባሉ የጥንት ሰዎች ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት ገደሉን ፈልፍለው ቤት ሠርተውበታል። ቤተ ክርስቲያንም አለበት፤ እሱም ከዚያው አለት የተፈለፈለ።

«እትዬ፣ ሲሳሉ ላሊበላ ብለው ስም ጠርተዋል?» አልኳቸው በስልክ።

«ከአለት የተፈለፈለ ነው ያልኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ግን እኮ የካቶሊክ ነው።»

ኤፊ ስልኩን ቀማችኝ። «እማማ፣ ድንጋዩ ካቶሊክ አይደለም።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ እትዬ ዘመናይ። «ሐሙስ ከሰዓት።»

ሐሙስ ከሰዓት ሮም ውስጥ የሰው ቤት የሚሠራ ሁሉ የሚያርፍበት ሰዓት ነው። እትዬ ዘመናይ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ ኤፊም ከኋላ ገባች። ጃንጥላው ለትንሿ መኪናዬ፣ ለፓንዳ፣ ረጅም ስለሆነ ከኋላ መስኮት ተነሥቶ በሁለታችን መካከል አልፎ ጫፉ ጆሮዬ አጠገብ ደረሰ። እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ እስክንደርስም አልለቀቁትም። በየአደባባዩ አንድ ቅዱስ ይጠራሉ። በመጀመሪያው ጊዮርጊስን፣ በሁለተኛው ተክለ ሃይማኖትን፤ ካሲያን ጨርሰን ስንወጣ ያልተጠራ ጻድቅ አልቀረም። ከኋላዬ ያለ አንድ መኪና ሲያጮኽብኝ «አሎራ፣ ምን አስቸኮለህ?» ብዬ በመስኮት ጮኽኩበት። እትዬ ዘመናይም «ዓይንሽን ወደ መንገዱ፣ አፍሽን ከሰውየው ላይ አንሺ» አሉኝ።

ደርሰን ከመኪናው ወረድን። ከሸለቆው ማዶና ማዶ ቀይ አለት ቆሟል፤ አለቱ ላይ በርና መስኮት፣ ከበሩ በላይ ሌላ በር፣ ከዚያም በላይ ሌላ። ደረጃዎቹ መካከላቸው ተበልቶ ጎድጉዷል። ኤፊ በኤትሩስኪዎቹ ቦታ በኋላ ድሆች ገብተውበት፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰው ይኖርበት እንደነበር ነገረችን። የጣሪያው ጥቀርሻ አሁንም አለ።

እትዬ ዘመናይ ከታች እስከ ላይ አዩት። «ሦስት ፎቅ» አሉ። «ሰው ጭኖ የሚያወጣ አሸንሶሬ የለው። ሠራተኛቸው ምስኪን።»

ቤተ ክርስቲያኑን ፍለጋ ከፊት ከፊት እኔ ሄድኩ። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ ሰፊ በር አየሁ፤ ግራና ቀኙ ዓምድ መስሎ ተጠርቧል፤ ከበሩ በላይ መስቀል ተቀርጿል። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል። «ይኸው! ተገኘ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ማማ፣ እኔ አይመስለኝም…» አለች ኤፊ።

«ዝም በይ» አልኳት። ትዕግሥት የለኝም፤ የታወቀ ነው።

እትዬ ዘመናይ ጫማቸውን እዚያው መንገዱ ላይ አወለቁ። በዚያ በታመመ ጉልበት፣ በባዶ እግር፣ በጠጠር ላይ፣ አንድ እጃቸውን ኤፊ ትከሻ ላይ ጥለው መጡ። የበሩን መቃን በግራም በቀኝም ተሳለሙት። ጃንጥላውን ዘረጉና ኤፊን አስያዟት፤ ከእሷ ጋር ጨለማ ወዳለበት ገቡ። ጥቂት ቆይቶ እልልታቸው ተሰማ። አለቱ ተቀብሎ መለሰው፤ አሥር ሴት ያለ ነው የሚመስለው። እኔ ውጭ ቆሜ እንባዬ መጣ፤ ሰኞ ተሳካ፣ ጨረስኩ አልኩ በልቤ።

ይህን ጊዜ ነው አንድ የላስቲክ ቦት ያደረጉ፣ ባልዲ የያዙ ሽማግሌ ከታች የመጡት። ሰማንያ ዓመት አያንሳቸውም።

«ሲኞራ» አሉኝ በጣሊያንኛ፣ «ሬጂና ቤት ውስጥ የሚጮኸው ማን ነው?»

«ሬጂና ማን ናት?»

«የአያቴ አህያ።»

መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም። ቦታው የቤተሰባቸው በረት ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ከላይ ካለው ክፍል ውስጥ ተወልደዋል። መስቀሉን የቀረጹት አያታቸው ናቸው፤ በሽታ መጥቶ የመንደሩን ከብት በጨረሰበት ዓመት ሬጂና እንድትተርፍላቸው ብለው። ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው አሉኝና በጣታቸው አሳዩኝ፤ መቶ አርባ ደረጃ ይወጣል፤ እሱም ክረምት ላይ ድንጋይ ስለወደቀበት ተዘግቷል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ያን የማላውቃቸውን ሰው ባልዲ የያዘ እጃቸውን ያዝኩ። ውስጥ ያሉት ሴትዮ ማን እንደሆኑ፣ ዘጠኝ ዓመት የተሸከሙት ምን እንደሆነ፣ እውነቱን ካወቁ ሰኞ እንደማይታከሙ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። «እባክዎ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው ይበሉልኝ።»

ሽማግሌው አሰቡ። «አልዋሽም» አሉ። «ዝም ማለት ግን እችላለሁ።» ከዚያም ባልዲውን አስቀምጠው፣ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ የላስቲክ ቦቶቻቸውን አወለቁ፤ የተቀደደ ካልሲያቸውንም አወለቁ። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በባዶ እግራቸው ከአጠገቤ ቆሙ። «እናቴም እንዲሁ ነበረች» አሉኝ።

እትዬ ዘመናይ ሲወጡ ፊታቸው በርቷል። ጃንጥላውን አጥፈው ውስጥ ትተውታል፤ በበሩ አጮልቄ ሳይ ከግድግዳው ሥር ከተጠረበ ረጅም ገንዳ ውስጥ፣ በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠርገው፣ ሕፃን እንደሚተኛ አስተኝተውታል። መንበር መስሏቸው ነው አልኩ በልቤ። እሳቸው የሽማግሌውን ባዶ እግር ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ እጅ ነሡና በጣሊያንኛ «ይጠብቁልኛል?» አሏቸው።

«በሕይወት እስካለሁ» አሉ ሽማግሌው። ስንለያይ ኖቾላ የሚባለውን የአገሩን ባለ ቅርፊት ፍሬ አንድ ከረጢት ሞልተው ሰጡን።

ስንመለስ ኤፊ ከኋላ ጋደም አለች። ጃንጥላው የለም፤ ጆሮዬ ነፃ ነው፤ ልቤ ግን ከበደኝ። በሥጋቸው ሐኪም ቤት ቢገቡም በስለታቸው አታልያቸዋለሁ። ደግሞ ውሸት አይበረክትልኝም። ሮምን ዙሪያዋን የሚከባት ትልቁ መንገድ፣ ራኮርዶ፣ ላይ ስንደርስ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ቢቆጡም ይቆጡ። ያ ቤት…»

«በረት መሆኑን ነው?» አሉ።

መኪናዋ ትንሽ ዋለለች።

«ወሎ ተወልጄ፣ ከብት ስጠብቅ አድጌ፣ በረት የማላውቅ መሰለሽ?» አሉ። «ገና ስገባ ግድግዳው ላይ የማሰሪያ ቀለበት አየሁ። ገንዳውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ጠርዙ በከብት አንገት ለስልሷል።»

«ታዲያ እልልታው?»

«እልልታው የመጣው ያኔ ነው፣ ልጄ። የእሱ እናት የት ነበር የወለደችው? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቦታ ሳማርጥለት፣ ለእሱ ግርግም በቅቶት ነበር። ከአለት የተፈለፈለ ቤት አልኩ፤ ገባሁ። የቀረውን ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፤ ቢቆጡኝም ቁጣቸውን ለምጄዋለሁ።»

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው።

«ሽማግሌውን ስትለማመጪው ሰማሁሽ» አሉ። «እንዲያ ስትደክሚ ምን ብዬ ላፍርስብሽ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። የያዘኝ ስለቱ ብቻ አልነበረም። ፈርቼ ነው። አስተኝተውኝ ባልነቃስ፣ በሰው አገር፣ ማን አጠገቤ አለ ብዬ። ፈራሁ ብል ትስቂብኛለሽ፤ ስለት አለብኝ ብል ግን ማንም አይከራከረኝም። ከዚያ ስወጣ አንቺ ዓይንሽ ቀልቶ፣ ያ የማላውቀው ሰው በባዶ እግሩ፣ ለእኔ ብላችሁ አህያ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማችኋል። ምንድን ነው የምፈራው አልኩ።»

ከዚያ ወዲያ መንገዱ አልታየኝም። እንባዬን በእጄ ጀርባ ስጠርግ ኤፊ ከኋላ ቀና ብላ «ማማ፣ መውጫው አለፈሽ» አለችኝ። እውነትም አልፎኛል። እኔም መመለሻ ስፈልግ ሌላውን አሳለፍኩ፤ ሌላውንም።

«ተያት፣ ትዙር» አሉ እትዬ ዘመናይ። «በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ ይዞር የለ? አንዱን ጀመርን።»

ስቄ፣ አፍንጫዬን ጠርጌ፣ ለሰኞ ጧት ታክሲ በስንት ሰዓት ልጥራልዎት አልኳቸው።

«የምን ታክሲ?» አሉ። «አንቺ ነሽ የምትወስጂኝ።»

ያኔ ነው ያየሁት። እጀታውን ለቀውታል። ሁለቱም እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው፤ ኖቾላውን እየፈለፈሉ አንዱን ለኤፊ፣ አንዱን ለእኔ ያጎርሱናል።