የወፏ ስድብና የቀበሮዋ ጉድጓድ

ወፍና ቀበሮ አይወዳደሩም ይባላል፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳወዳድራቸው ኖሬአለሁ። ወፏ ከጭብጥ ታንሳለች፣ አፏ ግን አያርፍም። ቀይ ቀበሮዋ ከጠቦት ትበልጣለች፣ ድምጿ ግን አይሰማም። ለወፏ ገብሱም ጫካውም ቤቷ ነው፤ ዘመዶቿም እንደ አሸዋ ናቸው። ቀበሮዋ በዚህ ተራራ የቀረች የመጨረሻዋ እናት ናት።

እኔ ቱሳ ነኝ፣ ከበቆጂ በላይ የተራራው ጠባቂ። የቀበሮዋ ግልገሎች እስኪያድጉ ወደ ጉድጓዷ መጠጋት ክልክል ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጉም ስለሚውጠን ከሩቅ አትታይም። ስለዚህ ብልሃት አበጀሁ። ወፏ ጎጆዋን የሠራችው ከጉድጓዱ አጠገብ ካለ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው፤ ቀበሮዋ ብቅ ባለች ቁጥር ስድቧን ታወርዳለች። ስድቡን ስሰማ አሰላ ላለችው አለቃዬ ለመቅደላዊት እደውልና «ደህና ናት» እላለሁ። በብልሃቴ ኮርቼ ነበር፤ ሞኝ ሲኮራ ማን ይችለዋል!

በጥር መቅደላዊት የውሻ ክትባት ይዛ መጣች። «ያበደ ውሻ አንድ ቀን ቀበሮዋ ላይ ከደረሰ አለቀልን» አለችኝ። የመንደሩን ውሾች ሁሉ ባለቤቶቻቸውን እያስፈራራሁ አስወጋሁ። የራሴን ውሻ ጉራቻን ግን ጓዳ ደበቅሁት። የተወጋ ውሻ ይፈዛል፣ ጅብ አይመልስም ይባላላ! በጎቼ ደግሞ ሊወልዱ ተቃርበው ነበር።

ሚስቴ ሀሊሜ «አላህ አያይህም?» አለችኝ። ተቆጣኋት።

ጥቂት ቆይቶ ጉራቻን አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ነከሰው። ቁስሉን አጥቤ ዝም አልኩ። በወሩ ጠባዩ ተለወጠ፣ ከቤትም ጠፋ። ሦስት ቀን ፈለግሁት። በእነዚያ ቀናት ወፏ ከወትሮው አብዝታ ትሳደብ ነበር፤ እኔም «ደህና ናት» እያልኩ ደወልኩ።

በአራተኛው ቀን ጉሙ ተገፈፈ። ወፏ የምትሰድበው ጉራቻን ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ለሃጩን እያዝረበረበ ይንገዳገዳል። ቀበሮዋ አንገቷ ተዘንጥሎ ወድቃለች፣ አራቱም ግልገሎቿ አጠገቧ ሞተዋል።

ጠመንጃዬን አነሳሁና በስሙ ጠራሁት። ጉራቻ ድምፄን ሲሰማ ጭራውን ሊቆላ ሞከረ። ተኮስኩ።

ከዚያ ለመቅደላዊት ደወልኩና ሁሉን ነገርኳት፣ የደበቅሁትንም ጭምር።

«ጋሽ ቱሳ፣ ሌላ እናት አለች ይበሉኝ» አለችኝ እያለቀሰች።

«የለችም፣ ልጄ» አልኳት።