ለቅዳሜ የተቀጠረ መርዶ

ዘካርያስ የደወለላት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነበር። እናቱ ማንያህልሻል፣ አሜሪካ ኮሎምበስ ውስጥ፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ካለው አፓርትመንቷ ደርሳ ነጠላዋን እንኳ ገና አላወለቀችም። ልጁ ኖርዌይ ነበር። ድንኳኑን፣ መኝታውንና ስንቁን በጀርባው ተሸክሞ፣ የባሕሩን ጠረፍ ይዞ የሚሄደውን ረጅም የእግር መንገድ ብቻውን ተያይዞታል። ቀን ይሄዳል፣ ሲመሽ ድንኳን ይተክላል፣ ሲነጋ ነቅሎ ይቀጥላል። ማንም አላሳደደውም፤ ወዶ ነው። ከሚሠራበት መጋዘን የዓመት ፈቃዱን አጠራቅሞ፣ ጓደኞቹ ማያሚ ሄደው ፎቶ ሲነሡ፣ እሱ ዝናብ ሊመታው ሄደ።

ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ዝናቡ አላባራም አላት። በድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት የተደረገበት ዋናው መንገድ ተራራ ለተራራ ስለሚሄድና ጭጋግ ስለዋጠው፣ ትቶት ወደ ውኃው ወርዶ የድሮ ዓሣ አጥማጆች መንገድ ያዘ። እዚያ አዳለጠው። ቁርጭምጭሚቱ ዞሯል፣ ቅልጥሙ ላይም ቆዳው ተልጧል። አሁን ያለው ጀልባ በሚያሳድሩበት ባዶ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው፤ ነጩን የመርከብ መብራት ማማ አለፍ ብሎ፣ ድንጋዩ ለሁለት ከተሰነጠቀበት ሥር። ስንቅ አለው። እብጠቱ እስኪጎድል ተኝቶ ይቆይና ይቀጥላል። የስልኩ ባትሪ እያለቀ ስለሆነ ያጠፋዋል፤ በሚመጣው እሑድ ባይደውል እንዳትደነግጥ።

እርዳታ ጥራ አለችው። ለወለምታ ሄሊኮፕተር አይጠራም ብሎ ሳቀባት። ከዚያ፣ ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ “ማሚ፣ ለጋሼ ጀማነህ እንዳትነግሪው። ሙድ ይይዝብኛል” አላት።

እሷም አልነገረችም። እውነቱን ለመናገር ባይለምናትም አትነግርም ነበር። ጀማነህ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ልጁ የሄደ ዕለት የተናገረውን ቀልድ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ያልሰማው አበሻ የለም። እኛ ከጎንደር ሱዳን በእግራችን ስንኳትን ጅብ ከኋላ እየነዳን ነው፣ የእኔ እኅት ግን ልጇን አሜሪካ አምጥታ ስደተኛ አደረገችው፣ እሱም በገዛ ገንዘቡ፣ ብሎ ነበር። ሰው በየጠበሉ ይህን እያነሣ ሲስቅ አብራ ትስቅና ቤቷ ገብታ ትናደዳለች። አሁን ደግሞ እግሩን ተሰብሮ ቀረ ይበሉኝ? ገበናዋን ሸፈነች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገሬ ሰው፤ ይላል እንጂ አይሰማም።

ጀማነህ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ጎማ ቤት አለው፤ የእድሩም ሊቀመንበር ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለሱ ነው፣ መርዶውን የሚያረዳውም እሱ። ሙያው ነበር ማለት ይቻላል። ማን በግራ ማን በቀኝ እንደሚቆም፣ ውኃው የት እንደሚቀመጥ፣ ከየትኛው ቃል በኋላ ለቅሶ እንደሚፈቀድ ያውቃል። በእኔ ጊዜ ሰው ወለል ላይ ወድቆ አያውቅም ይላል፤ ሲልም ኩራት አለበት።

የኖርዌይ ፖሊስም የደወለው ለሱ ነው። ዘካርያስ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው ተብሎ ሲጠየቅ፣ የእናቱ እንግሊዝኛ ስለማያደርስ የአጎቱን ስም ሰጥቶ ነበር። ልጁ ወደፊት ወዳለ የባሕር ዳር መንደር፣ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ እንዲቆይለት አስቀድሞ ስንቅ በካርቶን ልኳል፤ ዓርብ ደርሶ ይወስዳል ተብሎ አልመጣም። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ቅዳሜና እሑድን ጠብቃ ሰኞ ለፖሊስ አመለከተች። ፖሊሱ ከቤተሰብ ለማንም ደውሎ እንደሆነ ጠየቀ። አልደወለም አለ ጀማነህ። ለእናቱስ? እናቱ የልብ ሕመምተኛ ናት፣ ምንም አታውቅም፣ እባካችሁ እንዳትደውሉላት አለ።

አልጠየቃትም። ይህን ሲል ገና አልጠየቃትም ነበር።

ማታውን ፊቷን ሊያይ ሄደ። ወሬ ወሬ እያስመሰለ ዛኪ ደወለ ወይ አላት። ደህና ነው፣ ኔትወርክ የለውም መሰለኝ አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ተረጋግታለች። እሑድ ሳይደውል ቀርቶ የዚህች ሴት ልብ አለመሸበሩ ሊያስገርመው ይገባ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ቢዘገይባት ጎረቤት የምትረብሽ ሴት ናት። እሱ ግን ከመረጋጋቷ ምንም እንደማታውቅ ደመደመ። የተረጋጋችው ስለምታውቅ ነበር። ልጄ ጣሪያ ሥር ተኝቶ እግሩን እያስታመመ ነው ብላ ነው።

ቤቱ ሲመለስ ሴት ልጁ ቃልኪዳን ጠበቀችው። ሀያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ ያደገች፤ ከዘካርያስ ጋር እንደ መንታ ናቸው። ልጁ የሷ ነው፣ የማወቅ መብት አላት አለችው በእንግሊዝኛ። እሱ በአማርኛ መለሰላት። የጠፋ ሰው መርዶ የለውም፤ ይገኛል፣ ካልተገኘም ሰው ይዘን ሄደን እንነግራታለን፤ ብቻዋን ሰምታ ልቧ ቢቆም አንቺ ነሽ የምትጠየቂው አላት። በዚህ ዓይነት ክርክር አባት ተሸንፎ አያውቅም።

ነገሩ ፌስቡክ ላይ መውጣቱ ስለማይቀር በማግስቱ የማንያህልሻልን ስልክ ወሰዱባት። ስቶሬጁ ሞልቷል፣ ጽዳት ይፈልጋል ተብላ ሰጠች። ጀማነህ አጥፍቶ ጎማ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ቤቷ ሴቶች ይመላለሱ ጀመር፤ አንዷ ድፎ ይዛ፣ አንዷ እንዲያው ናፍቀሽኝ ብላ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ስለ ኪራይ መወደድ ያወራል። እዚያ ማዶ ደግሞ ሰዎቹ በውሻና በሄሊኮፕተር ተራራውን ያስሳሉ፣ በቀይ ቀለም ምልክት የተደረገበትን መንገድ ወዲያና ወዲህ። ልጁ እሄድበታለሁ ያለው ያ ነዋ። ወደ ውኃው መውረዱን የምታውቅ አንድ ሴት በዓለም ላይ ነበረች፤ እሷን ኮሎምበስ፣ ኖርዝላንድ ሰፈሯ ውስጥ ከብበው ድፎ ያበሏታል።

ሐሙስ ጠዋት ፖሊሱ መልሶ ደወለ። የጀርባ ቦርሳው ሰማያዊ የዝናብ ሽፋን ባሕሩ ላይ ሲንሳፈፍ ተገኝቷል። ከገደል ወደ ውኃ ወድቆ ይሆናል፤ ፍለጋውን ሊያቀዘቅዙት ነው። ጀማነህ ጎማ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ አለቀሰ። ልጁን ብስክሌት ያስነዳው፣ መኪና ያስለመደው እሱ ነው። ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ምሳ ሰዓት ላይ እኅቱ ዘንድ ሄደ፣ እንዳትጠረጥር።

ሽሮ አቀረበችለት። እሷ አልበላችም። ሁለተኛው ሳምንት እየተገባደደ ነበርና መስጋት ጀምራለች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ “ጋሼ፣ ስለ ዛኪ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን እንዳትስቅ” አለችው።

ጀማነህ የጎረሰው አፉ ውስጥ ቀረ። ጠረጠረች አለ በልቡ። አሁን ልትጠይቀኝ ነው፣ ብቻዬን ነኝ፣ የሚይዛት ሰው የለም፣ ውኃ የለም፣ ቄስ የለም። ብድግ አለ። ሾፑን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት፣ በኋላ እንጫወታለን ብሎ እጁን ሳይታጠብ ወጣ። እሷ በሩ ላይ ቆማ፣ ይህን ያህል ምን አስቸኮለው ብላ መኪናው ከግቢው እስኪወጣ አየችው። ስልክ ቢኖራት ኖሮ ደውላ ትነግረው ነበር ይሆናል።

ያን ማታ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ልጁ የለም፣ መርዶው ይነገር ተባለ። መቼ? ዓርብ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ አንዱ መጋዘን፣ አንዱ ታክሲ፣ ሴቶቹ ሆስፒታል። ቅዳሜ ጠዋት ይሁን ተባለ። በዚህ አገር ለቅሶም በሺፍት ነው።

ቅዳሜ ማለዳ መኪናቸውን ማዶ ካለው ግሮሰሪ ፊት አቆሙ፣ በመስኮት አይታ እንዳትደነግጥ። ከዚያ ጥቁር ለብሰው መንገዱን ተሻገሩ። ፊት ቀሲስ ወልደሚካኤል፣ ቀጥሎ ጀማነህ፣ ከኋላ ሴቶቹ፣ አንዷ የደም ግፊት መለኪያ በቦርሳዋ ይዛ። ማንያህልሻል በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ልብሳቸውን ነው። ወደ ኋላ ሄደች። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟት፣ ጀማነህ እንዳለማመዳቸው። ቀሲስ ስለ ሰው ልጅ ዕድሜና ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ጀመሩ፤ ጀማነህ ጨረሰው። ዘካርያስ ገደል ገብቶ ባሕር ወስዶታል አላት።

ለቅሶው ቤቱን ሞላው። እሷ ግን አላለቀሰችም። “የት ገደል?” አለች። ተራራው ላይ፣ ከመንገዱ አሏት። “ተራራው ላይ አይደለም እኮ። ወርዷል። ውኃው ዳር ነው ያለው፣ ቤት ውስጥ” አለች።

ደነገጠች፣ ጭንቅላቷን ያዙ፣ ውኃ ስጧት ተባለ። እጇን አጠንክረው ያዙት። ልቀቁኝ ትላለች፣ አይዞሽ ይሏታል። ልጄ እግሩን ታሞ ተኝቷል ትላለች፣ ተቀበይው እናቴ፣ አልቅሺና ይውጣልሽ ይሏታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር የተዘጋጁ ሰዎች ነበሩና እያንዳንዱ ቃሏ መደንገጧን አረጋገጠላቸው። እግሯ ሥር ተንበርክካ “ምን ዓይነት ቤት?” ብላ የጠየቀቻት ቃልኪዳን ብቻ ናት።

ማንያህልሻል ነገረቻት። ጀልባ የሚያድርበት የእንጨት ቤት፣ ነጩን ማማ አለፍ ብሎ፣ ድንጋዩ ከተሰነጠቀበት ሥር። መቼ ነገረሽ? ያለፈው ሳምንት አይደለም፣ የዚያ በፊቱ እሑድ። ቃልኪዳን የአባቷን ስልክ ከኮቱ ኪስ አወጣችና በረንዳ ላይ ወጥታ ለፖሊሱ ደወለች። ስትመለስ ቦታውን ያውቁታል፣ ጀልባ አሁኑኑ እየላኩ ነው አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት የሚያሳፍር ነው። ለቅሶው ቆመ። አንዷ እልልታዋን በእጇ አፈነችው። ቀሲስ ወልደሚካኤል እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም አሉ። ሰዎቹ እዚያው በጥቁር ልብሳቸው ቁርስ ቀረበላቸውና በሉ፣ አንዱ እንዲያውም ስለ ልጁ እግር ቀለደ። ጀማነህ እየሳቀ እኅቱን ጉንጯን ሳማት፤ ምነው ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር አላት። ማንያህልሻል ግን ቃልኪዳን የያዘችውን ስልክ ታያለች።

ረፋድ ላይ ጠራ። ቃልኪዳን አንሥታ ሰማች። ፊቷ ሲለወጥ ጀማነህ ገባውና ከወንበሩ ተነሥቶ በእጁ ምልክት ሰጣት፤ ዝም በይ፣ ወደ ውጭ ውጪ፣ እኔ እነግራታለሁ። ቃልኪዳን አየችው። ከዚያ ዞራ አክስቷ ፊት ተቀመጠችና ስልኩን በሁለታቸው መካከል አድርጋ ሰውየው የሚለውን እንደወረደ ተረጎመችላት። ቤቱን አግኝተውታል። ዛኪ እዚያው ነው። ሞቷል። ቁስሉ መርዞት ነው። ብዙ አልቆየም ይላል፤ ሁለት ቀን ይሆነዋል።

ማንም አልጮኸም። ለቅሶውን ቀድመው ጨርሰውት ነበር።

ማንያህልሻል በጣቷ ወደ ኋላ ቆጠረች። ከዚያ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። “ሐሙስ ነዋ” አለችው። “ሐሙስ እኮ እዚህ ነበርክ፣ ጋሼ።”

ጀማነህ ሊይዛት እጁን ዘርግቶ መጣ፤ ከዚህ ቃል በኋላ ሰው እንደሚወድቅ ያውቃል። እሷ አልወደቀችም። እጁን በክንዷ ገፋችው፣ በቁጣ ሳይሆን መንገድ ላይ የቆመ ሰው ዞር እንደሚያደርጉት።

“ቃልዬ” አለች። “ርቦት ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።”

ጀማነህ ከእኅቱ ጀርባ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። አትጠይቂ፣ ወይም ጠይቀሽ አልራበውም በያት ማለቱ ነው፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ይለምናታል። ቀሲስም አንገታቸውን ደፉ። ቃልኪዳን በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ሰውየው ማዶ ሆኖ ቀስ ብሎ መለሰላት፣ እሷም እስኪጨርስ ሰማችው።

“ቦርሳው ውስጥ ምንም የሚበላ አልነበረም ነው የሚለው” አለቻት። “አዎ። ርቦት ነበር።”