የጋሽ ጠይብ ቀኝ እግር

በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የጋሽ ጠይብ ቀኝ እግር ከጉልበት በታች ትርታ አልነበረውም። ቆዳው ነጥቶ ይቀዘቅዛል፤ አውራ ጣቱ ላይ አልድን ያለ የቃጠሎ ቁስል አለ። መርካቶ ውስጥ የካኪ ልብስ ሰፊ ናቸው። ብርድ የመታቸው መስሏቸው የከሰል ካውያቸውን ከሲንጀር ስፌት መኪናቸው መርገጫ አጠገብ እያስቀመጡ እግራቸውን ሲያሞቁ ከርመዋል። እግሩ ደንዝዞ ስለነበር ሲቃጠል አልተሰማቸውም። ከቤታቸው ወደ ሱቃቸው ሲሄዱም ባታቸውን እያመማቸው በየመንገዱ ይቆሙ ነበር።

"ሲጋራውንስ ለምን አትነግራትም?" አሉ ባለቤታቸው እትዬ አስያ፣ እግሩን ወደምመረምረው ወደ እኔ እየጠቆሙ።

"እሷ ሐኪም ናት፣ አንቺ ግን ቀበሌ ነሽ!"

ደም ሥራቸው ውስጥ ቀለም ተረጭቶ የተነሳው ራጅ የጭናቸው ደም ቅዳ በስብ ክምችት መደፈኑን አሳየ። ከጉልበት በታች ያለው ግን ክፍት ነው። አለቃዬ ዶክተር ማዕረግ ፊልሙን አይተው "ይቆረጥ" አሉ።

"በተደፈነው ጎን ለደሙ ሌላ መንገድ ልሥራለት" አልኩ።

"አንዴ ሞክሪ። ካልሆነ ትቆርጪዋለሽ።"

ይህን ለጋሽ ጠይብ ነገርኳቸው። "ታዲያ መርገጫውን ማን ሊረግጥልኝ ነው?"

ከራሳቸው ጭን አንድ ደም መልስ አወጣሁ። በውስጡ ደምን ወደ ልብ ብቻ የሚያሳልፉ ክዳኖች ስላሉ የላይኛውን ጫፍ ወደ ታች ገልብጬ ሰፋሁት። የደነዘዙት ከወገብ በታች ብቻ ነበርና ከመጋረጃው ወዲያ ሲያወሩ ይሰማኛል።

መቆንጠጫዎቹን ስለቅ አዲሱ ሥር አልመታም።

"ዶክተር፣ ምነው ዝም አላችሁ?"

"ስፌት ላይ ነን፣ ጋሽ ጠይብ።"

"ሰፊ ዝም ካለማ ክር ተበጥሶበታል!"

የታችኛውን ስፌት በከፊል ፈትቼ፣ ጫፉ ላይ ፊኛ ባለው ቀጭን ቱቦ የረጋ ደም ጎትቼ አወጣሁ። እንደገና ሰፍቼ ለቀቅሁ። ሥሩ ከጣቴ ሥር ዘለለ። እግሩን የያዘችው ነርስ ሰገነት "ሞቀ! ዶክተር፣ ሞቀ!" ብላ ጮኸች። ዶክተር ማዕረግ ጓንታቸውን አውልቀው መዳፋቸውን እግሩ ላይ አሳረፉ። "አይቆረጥም" አሉ።

በጥር ቁስሉ ገጠመ። አንድ ጠዋት ከተክለ ሃይማኖት ቤታቸው ወደ ሱቃቸው ሲሄዱ ሰዓት ይዤ ተከተልኳቸው። ተሸካሚዎቹን እያለፉ ሲገሰግሱ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ከሱቁ ብቅ አለ።

"ጠይብ! ማን እያሳደደህ ነው?"

"ሐኪሜ!" አሉ ሳይዞሩ።

መንገዱ ዘጠኝ መቶ ሜትር ነው። አንዴም ሳይቆሙ በአሥራ ሦስት ደቂቃ ጨረሱት።